ሦስቱ የታሸጉ በርሜሎች

ባለፈው ዓመት አሰላ ውስጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከድንኳኑ ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ በደርግ ጊዜ አንድ ንጹሕ ሰው ከእስር እንዴት እንዳዳነ ሲያወራ ሰማሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ዞር ማለት አላስፈለገኝም። «አሻራውን እንዳይሰጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት «እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ» አሉት። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም አልኩ። ለሞተችው ሴት ክብር ስል ነው እንጂ ለእሱ ስል አይደለም።

ስሙን አልጽፍም። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ ምንም አላጠፉም። የአሰላ ሰው ካነበበው ማን እንደሆነ ይለየዋል፤ እንዲለየውም ነው የምጽፈው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በአንድ የክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እናቴ ጠላና ጠጅ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። አባቴ ስለሌለ፣ የእኔ ደመወዝ ለእሷ ከጋኖቿ ጎን እንደ አንድ ተጨማሪ ጋን ነበር። ታይፒስት ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቁ ልንገራቸው፤ ሰዎች ፊቷ ያሻቸውን ይናገራሉ፣ እሷ ግን የለችም። የተናገሩትን ትጽፋለች፣ ወረቀቱን ትሰጣለች፣ ትወጣለች። እኔም ጥሩ ታይፒስት ነበርኩ። ያን ጊዜ በዚህ እኮራ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ነው። አሰላ ዝናቡ አላባራ ብሎ ጭላሎ ተራራ ከታየ ሳምንት አልፎታል። አንድ ማለዳ ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። የለቅሶ ቤቱን ሽማግሌ ሊቀመንበር የምለው ለዚያ ጉዞ የተቋቋመውን ኮሚቴ ይመራ ስለነበር ነው።

«ጓድ ዘነበች፣ የጽሕፈት መኪናሽን ያዢ። ወደ ቀይ ወይኑ አገር እንሄዳለን» አለኝ።

ወደ አዋሽ ወርዶ ቆላው ላይ የወይን እርሻ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የቢሮ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ «ለጉብኝት» እያሉ ይሄዱበት ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ስለ ቀይ ወይኑ ያወሩ ነበር። እኔ ግን ሄጄ አላውቅም። ታይፒስት ለጉብኝት አይወስዱም።

መኪናው ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ ሦስት ነበርን፤ ሊቀመንበሩ፣ አቶ ደምሴ የሚባል የእርሻ ባለሙያ፣ እና የጽሕፈት መኪናዬን ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩ እኔ። ኢተያን ስናልፍ ስንዴው አረንጓዴ ነበር። ሲሬ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። ከዚያ ቁልቁል እየወረድን ሹራቤን አወለቅሁ።

«ጉዳዩ ምንድን ነው?» ብሎ አቶ ደምሴ ጠየቀ።

«ለአብዮት በዓል ለአዲስ አበባ ቃል የተገባው ወይን፣ ሦስት በርሜል ሙሉ ኮምጣጤ ሆኗል። የመጋዘኑ ጠባቂ ነው ያበላሸው። አሻጥር ነው።»

«ተረጋግጧል?»

«ልናረጋግጥ አይደል የምንሄደው» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቃለ ጉባኤውን አጠር አድርጊው፤ ረጅም ወረቀት ማንም አያነብም» አለ።

ያን ጊዜ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለው ቃል የሰው አንገት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃል። ላልኖረ ደግሞ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ከጎረቤታችን የወሰዱት ነጋዴ እስካሁን አልተመለሰም ማለት ይበቃል።

እርሻው የደረስነው ለምሳ ነበር። አገሩ ውብ ነው፤ ውበቱን አልክድም። በረድፍ የተተከለው ወይን እስከ ወንዙ ዳር ይዘልቃል፤ ፍሬው ጠቁሮ፣ በላዩ አመድ የመሰለ ነገር ተነስንሶበት ተንጠልጥሏል። ሴቶች በቅርጫት ይለቅማሉ። ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ሽታውን ነው፤ የእናቴ ጓዳ በበዓል ዋዜማ የሚሸተውን ይመስላል።

ሥራ አስኪያጁ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አሰናድቶ ጠበቀን። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የደረት ኪሱ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ማኅተም የሚይዝ ሰው ነው። ጥቁር ቀይ ወይን በማሰሮ መጣ። ሊቀመንበሩ ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው። ግን በግንቦት የጠጣነውን አያህልም።»

«እሱማ ከማዕዘኑ በርሜሎች ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለእንግዳ ከእነሱ ነበር የምቀዳው። አሁን ግን ያው…»

«ከፋሲካ በኋላ የመጣንም ጊዜ ከእነሱ ነበር?»

«ሁሌም ከእነሱ ነው። እርስዎ ሲመጡ ሌላ አስከፍቼ አላውቅም።»

ሳቁ። አቶ ደምሴ ሳህኑን እያየ ይበላ ነበር። ለእኔ ማንም አልቀዳልኝም፤ ጆሮዬ ግን ሥራ አልፈታም።

ከሰዓት በኋላ ተጠርጣሪውን አስመጡት። ኦቦ ሁሴን ይባላል፤ ስድሳ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ረጅም የዚያው አገር ሰው። እርሻው የፈረንጅ በነበረበት ጊዜ ከልጅነቱ ጀምሮ በርሜል ሲያጥብ፣ ሲሞላና ሲዘጋ ነው ያደገው። ፈረንጁ ሄደ፣ መንግሥት ወረሰው፣ እሱ ግን እዚያው ቀረ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በመሐላቸው አቆሙት።

«ወይን ትጠጣለህ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«አልጠጣም ጌታዬ። እስላም ነኝ።»

«ጌታዬ አይባልም። ጓድ በል።»

«አልጠጣም ጓድ ጌታዬ።»

አንዱ ጠባቂ ሳቁን ዋጠ።

«የማትጠጣ ከሆነ መበላሸቱን በምን አወቅህ?»

«በሽታው። ደህና ወይን ይሸታል፤ የታመመም ይሸታል። ሰኔ ላይ የማዕዘኑ ሲታመም አወቅሁ። ተናገርኩ።»

«ለማን?»

ኦቦ ሁሴን ሥራ አስኪያጁን አየና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «ተናገርኩ» አለ ደግሞ።

ሊቀመንበሩ እየተንጎራደደ ቃል ማስጻፍ ጀመረ። «ተጠርጣሪው ለመጠጥ ካለው ሃይማኖታዊ ጥላቻ በመነሳት፣ ለበዓሉ የተመደበውን ወይን ሆን ብሎ ማበላሸቱን አምኗል። ነጥብ።»

ጣቶቼ «በመነሳት» ላይ ቆሙ።

«ጻፍሽ?»

«አላመነም እኮ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ወንበር እንደተናገረ ሰው አየኝ።

«ጓድ ዘነበች፣ አንቺ የሚባለውን ነው የምትጽፊው ወይስ የሚሰማሽን?»

«የሚባለውን።»

«እንግዲያው የተባልሽው ይሄ ነው።»

ጻፍኩ። ይህን አልደብቅም፤ ጻፍኩ። በሦስት ካርቦን፣ አንድ ስህተት ሳይኖርበት። ከሥሩም እንደ ልማዱ «ቃሉ ተነቦለት፣ መሆኑን አምኖ የጣት አሻራውን አኑሯል» የሚለውን ጨመርኩ። ይህን ዐረፍተ ነገር በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ለማንም ተነቦለት አያውቅም። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ገበሬ ይመጣል፣ ጣቱን ይይዙለታል፣ ይነካል፣ ይወጣል። እኔም ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ሊቀመንበሩ አሻራውን ለነገ አደረገው። «ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ መጋዘኑ በር ላይ ይሰብሰብ። ፊታቸው ይፈርም፤ ይማሩበታል» አለ።

ለማደሪያ ወደ ሰጡኝ ክፍል ስሄድ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። የኦቦ ሁሴን ሚስት ነች፤ አዴ ፋጡማ። በኦሮምኛ ነው ያወራነው። እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ፤ ሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁበት ነው።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ምን ይላል?»

ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ለሥራ አስኪያጁ ሰኔ ላይ ነግሮታል። ‹በርሜሉ ጎድሏል፣ እንሙላው› ብሎታል። ‹ዝም በል፣ ያለበለዚያ ከእርሻው ቤት ከነልጆችህ ትወጣለህ› አለው። እኛ ደግሞ የምንገባበት ሌላ ቤት የለንም። ለዚህ ነው ዝም ያለው» አለች። ቀጥላም፣ «እስር ቤት ከገባ ከቤቱም እንወጣለን። ይሄ አልገባውም። እሱ የሚያስበው በርሜሎቹን ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። እንዳየው ወደተዘጋበት ክፍል መስኮት ስታስጠጋኝ ኦቦ ሁሴን መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ራሱ አይደለም። «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ከሦስቱ አጠገብ ያለው አራተኛው በርሜል ደህና ነው? ማንም አልከፈተውም?»

በማግስቱ ማልጄ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። በሩ ላይ ለቆመው አብዮት ጠባቂ «የበርሜሎቹ ቁጥር ወረቀቱ ላይ መግባት አለበት» አልኩት፤ በዚያ ዘመን «ወረቀት» ያለ ሰው በሩ ይከፈትለታል። ሦስቱ በርሜሎች ማዕዘኑ ላይ ቆመዋል። የሦስቱም አፍ በውታፍ ተዘግቶ፣ ውታፉ ላይ ቀይ ሰም ፈሶ፣ ሰሙ ላይ የሥራ አስኪያጁ ማኅተም ተመትቷል። የሰሙን ጠርዝ በጥፍሬ ፋቅሁት። ከሥሩ ሌላ ሰም አለ። ከእሱም ሥር ሌላ። በተከፈተ ቁጥር አዲስ ሰም እየፈሰሰበት እንደ ሽንኩርት ተደራርቧል።

ከዚያ በጉልበቴ ተንበርክኬ አንኳኳሁ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የእናቴን ጋን ሳንኳኳ ነው ያደግሁት፤ ደንበኛ ሲመጣ ስንት እንደቀረ የምታውቀው እኔን ልካ ነበር። ሙሉ ጋን ድምፁ ድፍን ነው። ጎዶሎ ጋን እስከ ጠላው ድረስ ድፍን ሆኖ ከዚያ በላይ ይጮኻል። አራተኛው በርሜል ከታች እስከ ላይ ድፍን ነበር። ሦስቱ ግን ከወገባቸው በላይ ጮኹ።

ምን እንደሆነ ለመረዳት የእርሻ ትምህርት አያስፈልግም። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶቹ በቱቦ እየሳበ ይቀዳል፤ ጎዶሎውን አይሞላም። ሠራተኛ እንዳይሰርቀው ብሎ ባዶው ላይ ሰም ያፈሳል፣ ማኅተም ይመታል። ማኅተም የተመታበት ነገር ሁሉ የሚጠበቅ ይመስለዋል፤ ወይኑን የሚያኮመጥጠው ንፋስም ለማኅተም የሚታዘዝ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ የቢሮ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ስወጣ አቶ ደምሴ በር ላይ ቆሟል።

«ስታንኳኪ ሰማሁ» አለኝ በዝቅታ።

«እርስዎ ከትናንት ጀምሮ ያውቁታል፤ አይደል?»

«ልጆች አሉኝ፣ ዘነበች።»

«ኦቦ ሁሴንም አሉት።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። እናትሽን አስቢ።»

አሰብኳት። እናቴ ሥራዬን ካጣሁ ምን እንደምትሆን አሰብኩ። ለመስከረም ሠርግ የተቀጠረልኝ እጮኛዬ ምን እንደሚልም አሰብኩ። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ሄድኩ።

መቶ የሚሆን ሰው ነበር፤ ግማሹ ከደጋ ለለቀማ የወረዱ ሴቶች። ሊቀመንበሩ ስለ አሻጥረኞች ተናገረ። ከዚያ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ የማኅተም ቀለም ተከፈተ፣ ሥራ አስኪያጁ የኦቦ ሁሴንን አውራ ጣት ያዘ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አልተነበበለትም» አልኩ።

«ምን?»

«ከሥሩ ‹ተነቦለት› ይላል። ካልተነበበለት ወረቀቱ ውድቅ ነው። ቢሮ ሲደርስ ስህተቱ የእኔ ይሆናል።»

ሕዝቡ ያያል። ወረቀቱ ውድቅ ነው መባሉን ሊቀመንበሩ አልወደደውም። «አንብቢለት፤ ቶሎ በይ» አለ።

በኦሮምኛ አነበብኩ፤ ጮክ ብዬ፣ በቀስታ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድም አልቀነስኩም። ሊቀመንበሩ ኦሮምኛ አያውቅም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠጋ ብሎ «ምን እያለች ነው?» ሲለው ሰማሁ።

«የተጻፈውን ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ስጨርስ ኦቦ ሁሴን ጠየቀኝ። «ኢንተላ ኮ፣ እዚያ ላይ ያለው ሁሴን እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አምኗል ይላል?»

«አምኗል ይላል።»

«ላኪ» አለ። አይሆንም ማለት ነው። ጣቱን ከሥራ አስኪያጁ እጅ አስለቅቆ ጨበጠ፤ ሌላኛውንም እጁን ጨበጠ።

ሥራ አስኪያጁ ጡጫውን ሊፈለቅቅ ሞከረ። አንድ ጠባቂም አገዘው። በርሜል ሲያንከባልል የኖረ እጅ ነው፤ አልተከፈተም። ከሴቶቹ በኩል ማጉረምረም ተነሳ።

«ታዲያ ወይኑን ማን አበላሸው?» አለ ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ንፋስ ነው?»

«ንፋስ ነው» አለ ኦቦ ሁሴን በአማርኛ።

«ንፋስን ልሰር?»

አንዳንዶች ሳቁ። እኔ ወደ መጋዘኑ ገባሁ፤ ማንም አላስቆመኝም፤ ታይፒስት የት እንደምትሄድ ማን ያያል። በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተ ሁሉም ያዩኛል። አራተኛውን በርሜል አንኳኳሁ። ከዚያ የማዕዘኑን ከታች ወደ ላይ አንኳኳሁ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

ወደ ሴቶቹ ዞሬ «ጠላ የምትጠምቁ አላችሁ?» አልኩ።

«እንዴት አይኖር» አለች አንዲት ሻሽ ያሰረች ጠይም ሴት። «የለቃሚው ካምፕ በምን ይኖራል?»

«ጋን ከግማሽ በላይ ጎድሎ ተከድኖ ቢከርም ምን ይሆናል?»

«ይኮመጥጣል እንጂ ምን ይሆናል። ጎዶሎ ጋን ማን ይዘጋል?»

«ማኅተም ቢመታበትስ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጠይሟ ሴት ግን አልሳቀችም፤ የበርሜሎቹን አፍ እያየች ነበር። «ማኅተሙ የማን ነው?» አለች። ከዚያም «ጎዶሎውን ማን ጠጣው?»

መቶ ሰው የሥራ አስኪያጁን የደረት ኪስ አየ፤ ሰንሰለቱ እዚያው ነበር። አቶ ደምሴን አየሁት። «እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ልክ ናት ወይስ አይደለችም ይበሉ» አልኩት። ጫማውን አየ። ነፍሱን ይማርና፣ እስኪሞት ድረስ መንገድ ላይ ሳገኘው ያን ጫማውን ያይ ነበር።

«ስብሰባው ተበትኗል» አለ ሊቀመንበሩ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አሻራ የሌለበት ወረቀት ምንም አይሠራለትም፤ መቶ ሰው ፊት ሌላ ማስጻፍም አልቻለም። ኦቦ ሁሴንን ይዘውት ሄዱ፣ ሁለት ወር አሰሩት፣ ክስ ሳይመሠርቱ ለቀቁት። ወደ በርሜሎቹ ግን አልመለሱትም፤ የእርሻው ዘበኛ አደረጉት። ቤቱን አልተነጠቀም። ይህን የማውቀው አዴ ፋጡማ ሰው ልካ ስላሳወቀችኝ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ተሻለ ቦታ ተዛወረ። እንዲህ ነው።

እኔ ወደ አሰላ ስመለስ ሊቀመንበሩ መንገዱን ሙሉ አላነጋገረኝም። መስከረም ሳይጠባ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ራሴ ታይፕ እንዳደርገው ሰጡኝ። ጮሌ ወደምትባል ሩቅ የደጋ ወረዳ። እናቴ አንብቤላት ስትሰማ «ማንን ሰደብሽ?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ጎዶሎ ጋን ዘግቶ? ምን ዓይነት ጅል ነው» አለች። ሠርጉ ቀረ። ስለዚያ ሰው አልጽፍም።

አሁን እናንተ የምታነቡት፣ ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ያዳንኩት እኔ ነኝ ለማለት እንዳይመስላችሁ። ለቅሶ ቤት ያ ሽማግሌ ያለውን እኔ ደግሜ ልለው አልመጣሁም። ሰውየውን ያዳነው የራሱ ጡጫ ነው። የእኔ ሥራ ማንበብ ብቻ ነበር፤ እሱንም አራት ዓመት ዘግይቼ ነው የሠራሁት። ከዚያ በፊት ሳይነበብላቸው አሻራቸውን የሰጡ ሰዎች ነበሩ፤ ወረቀታቸውን እኔ ታይፕ አድርጌዋለሁ። ስማቸውን አላስታውስም። ሊቀመንበሩን የምጠይቀውን ያህል ራሴን እጠይቃለሁ፤ ልዩነታችን እኔ መጠየቄ ነው።

ጮሌ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ብርድ ነው፣ መብራት አልነበረም፣ የጽሕፈት መኪናው አንድ ፊደል ይጎድለው ነበር። ገበሬዎች ለመሬት፣ ለግብር፣ ለልጅ ጉዳይ ጣታቸውን ለማስነካት ይመጡ ነበር። እኔ ለእያንዳንዳቸው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በገዛ ቋንቋቸው አነብላቸው ነበር። ሰልፉ እስከ በሩ ይደርስ ነበር። አንዳንዱ ሰምቶ ይነካል፤ አንዳንዱ ሰምቶ ጣቱን ይሰበስብና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱንም አልከለከልኩም።

አንድ ቀን አዲሱ ኃላፊ ከቢሮው ወጥቶ ሰልፉን አየ።

«ወይዘሪት ዘነበች፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን ይቆማል? ጣት ማስነካት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» አለኝ።

«እያነበብኩላቸው ነው» አልኩት፤ ካቆምኩበት መስመር ቀጠልኩ።